ማክዳ በኪንግስተን፣ አይዳ በአዲስ አበባ

ግንቦት 13 ቀን 1973 ዓ.ም. ጃማይካ ቦብ ማርሊን በብሔራዊ ክብር ሸኘች። ሙዚቀኛው ማያሚ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ካረፈ ዐሥር ቀን ሆኖታል። በዋና ከተማዋ በኪንግስተን የተካሄደውን ጸሎት የመሩት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሊቀ ጳጳስ አቡነ ይስሐቅ ነበሩ። ሟቹ የተጠመቀው ከጥቂት ወራት በፊት፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት ውስጥ ሲሆን የክርስትና ስሙም ብርሃነ ሥላሴ ነበር። ቀብሩ ከተፈጸመ ከዘጠኝ ቀን በኋላ አባቷን ለማየት ያልታደለች ሴት ልጁ ተወለደች። ማክዳ ተባለች።

የአባቷ አባት የእንግሊዝ ዝርያ ያለው ጃማይካዊ ነው። አያቷ ሴዴላ ጥቁር ጃማይካዊት ናት፤ የእሷም ቅድመ አያቶች የመጡት ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ተጭነው እንጂ ከአክሱም ወይም ከጎንደር አይደለም። ታዲያ የሳባ ንግሥት ስም እዚያ ድረስ ምን ወሰደው? ደግሞም ማክዳ ብቻዋን አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1988 ማንቸስተር ውስጥ ተወልዶ በአሜሪካን ፉትቦል ሊግ የተጫወተው ስፖርተኛ ምኒልክ ዋትሰን ይባላል። ለንደን ውስጥ ተወልዶ በአርሰናል የወጣቶች ቡድን ያደገው ተከላካይ ደግሞ ተፈሪ ሙር ነው። ከሰሜን ሸዋና ከሐረር የወጡ ስሞች የእንግሊዝ ቤተሰብ ስም አስከትለው በዓለም ስታዲየሞች ይጠራሉ።

ወላጆች ከራሳቸው ወገን ውጭ ካለ ሕዝብ ስም ተውሰው ለልጃቸው ሲያወጡ ብዙ ጊዜ ነገሩ ከጆሮ ጣዕም ይልቃል። የጃማይካ ታሪክ ይህን ከሌላው ሁሉ አጉልቶ ያሳያል፤ እዚያ ስም ከኢትዮጵያ የተወሰደው ቀድሞ የነበረው ስም ስለተነጠቀ ነው።

የነበረው ስም ምን ነበር? ወደ ጃማይካ የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች ከተጋዙት ሰዎች ብዙዎቹ ዛሬ ጋና በምንለው ምድር የሚኖረው የአካን ሕዝብ ልጆች ነበሩ። አካኖች ልጅ በተወለደበት ዕለት ስም ያወጣሉ። ቅዳሜ የተወለደ ወንድ ክዋሜ፣ ዓርብ የተወለደ ኮፊ ይባላል፤ ክዋሜ ንክሩማም ኮፊ አናንም ስማቸውን ያገኙት በዚህ ልማድ ነው። በጃማይካ የአጠራር ለውጥ ተደርጎበት ኮፊ «ከፊ» ሆነ፣ ሰኞ የተወለደው ኮጆ ደግሞ «ከጆ» ተባለ። ሴቶቹ ጁባ፣ ፊባ፣ ኳሺባ እየተባሉ ይጠሩ ነበር። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሎንግ እ.ኤ.አ. በ1774 ስለ ደሴቲቱ በጻፈው ታሪክ እነዚህን የዕለት ስሞች ዘርዝሮ መዝግቧቸዋል። ከእርሻዎቹ አምልጠው በተራራ ላይ ነጻ መንደር የመሠረቱት ማሩኖች በከጆ እየተመሩ እንግሊዝን ተዋግተው እ.ኤ.አ. በ1739 የሰላም ውል አስፈርመዋል። ስለዚህ ከጆ የሚለው ስም በአንድ ወቅት የአሸናፊ ስም ነበር።

የእርሻ ጌቶች ግን የራሳቸውን ስም ያወጡ ነበር። በመዝገባቸው ላይ ቄሳር፣ ፖምፔ፣ ካቶ፣ ቬነስ የሚሉ የሮም ስሞች ይነበባሉ፤ ሰውን ከከብት እኩል በቁጥር ሲመዘግቡ በጥንት ጀግኖችና አማልክት ስም መጥራቱን እንደ ጨዋታ ያዩት ነበር። በኋላ ሚስዮናውያን እያጠመቁ የእንግሊዝ ስም ሰጡ። ባርነት እ.ኤ.አ. በ1834 በሕግ ቀርቶ በ1838 ሙሉ ነጻነት ሲታወጅ ብዙው ሕዝብ የያዘው የቤተሰብ ስም የጌታ፣ የአጥማቂ ወይም የእርሻ አስተዳዳሪ ስም ነበር። የአካን የዕለት ስሞችም ክብራቸው ተገፈፈ። እሑድ የተወለደ ወንድ መጠሪያ የነበረው «ኳሺ» ወደ ስድብ ተለውጦ ሞኝና ገጠሬ ማለት ሆነ። የራስን የጥንት ስም ለልጅ ማውጣት ልጁን ለመሳለቂያ እንደማቅረብ ተቆጠረ።

እንዲህ ባለ አገር ለልጁ ክብር ያለው የአፍሪካ ስም የሚሻ ወላጅ የትኛውን በር ያንኳኳል?

አንዱ በር መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ኢትዮጵያ በስሟ ተጠርታለች፤ በመዝሙረ ዳዊት እጆቿን ወደ እግዚአብሔር እንደምትዘረጋ የተነገረላትም እሷ ናት። በባርነት ዘመንም ከዚያ ወዲህም በካሪቢያንና በአሜሪካ ያሉ ጥቁር ሰባክያን ይህን ቃል የመላው ጥቁር ሕዝብ ተስፋ አድርገው ሰበኩት። ኒውዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1808 የተመሠረተው የጥቁሮች ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን «አቢሲኒያን» የሚል ስም ይዞ እስከ ዛሬ አለ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የተገኘው ድል ሲሰማ ደግሞ ስብከት የነበረው ነገር የጋዜጣ ዜና ሆነ። ጃማይካዊው ማርከስ ጋርቬይ የመሠረተው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1920 ኒውዮርክ ላይ ባደረገው ታላቅ ጉባኤ ለዓለም ጥቁር ሕዝብ ሁሉ መዝሙር ሲያጸድቅ የመዝሙሩ ርእስ የኢትዮጵያን ስም የያዘ ነበር።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የተፈጸመው የአዲስ አበባው ንግሥና ለዚህ ሁሉ መልክ ሰጠው። ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ሐረርጌ ውስጥ ኤጀርሳ ጎሮ የተወለዱት ተፈሪ መኰንን በሕፃንነታቸው ሲጠመቁ የተቀበሉት ስም ኃይለ ሥላሴ ነበር። በአገራችን ልማድ የክርስትና ስም በቤተ ክርስቲያን፣ በቁርባንና በጸሎተ ፍትሐት ጊዜ የሚነሣ ስም ነው፤ ለአደባባይ የዓለም ስም አለ። አዲሱ ንጉሠ ነገሥት ግን የክርስትና ስማቸውን የዙፋን ስም አደረጉት። ውጭ አገር ያሉ ተከታዮቻቸው ደግሞ የቀድሞውን ማዕረግና የዓለም ስም አገናኝተው «ራስ ተፈሪ» በሚለው ጸኑ። አንድ አባት ለልጃቸው ያወጡት ስም በሩቅ ደሴት የአንድ ሃይማኖት መጠሪያ ሆነ።

ይህን እምነት ቀድመው ከሰበኩት አንዱ ሌናርድ ሃወል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1933 ጀምሮ በምሥራቅ ጃማይካ እየዞረ የንጉሡን ፎቶግራፍ ይሸጥ፣ ለእንግሊዝ ዘውድ አትገዙ እያለም ያስተምር ነበር። በ1934 በአመጽ ቅስቀሳ ተከሶ ታሰረ። የሃወል የራሱ የብዕር ስም ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ትልቅ ማስረጃ ነው፦ የእምነቱን ትምህርት በያዘችው ትንሽ መጽሐፉ ላይ ያሰፈረው ጂ. ጂ. ማራግ የሚል ከሕንድ የመጣ ስም ነው። ባርነት ከቀረ በኋላ የሕንድ የጉልበት ሠራተኞች በኮንትራት ወደ ጃማይካ እርሻዎች መጥተው ከጥቁሩ ሕዝብ ጋር ጎን ለጎን ኖረዋል። የኢትዮጵያን ንጉሥ የሚሰብከው ሰው በሕንድ ስም መጻፉ ለዘመኑ ጃማይካዊ ግራ የሚያጋባ አልነበረም። ሰው በራሱ ምርጫ የያዘው የእንግሊዝ ያልሆነ ስም የነጻነት ምልክት ነበር።

የማክዳና የምኒልክ ስም የሄደበት መንገድ ከዚህ ይለያል። እንግሊዛዊው ሊቅ ዋሊስ ባጅ ክብረ ነገሥትን ከግእዝ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1922 አሳተመው። በዐሥራ አራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መልኩን የያዘው ይህ መጽሐፍ ስለ ሳባ ንግሥት፣ ስለ ንጉሥ ሰሎሞንና ስለ ልጃቸው፣ ጽላተ ሙሴም ወደ ኢትዮጵያ ስለመምጣቱ ይተርካል። መጽሐፍ ቅዱስ ንግሥቲቱን ያለ ስም ትቷታል፤ ማክዳ ያላት ክብረ ነገሥት ነው። የልጇን ስም መጽሐፉ ውስጥ «በይነ ልሕክም» ተብሎ እናገኘዋለን፤ ሕዝቡ የሚያውቀው ግን ምኒልክ ብሎ ነው፤ ባጅም ይህን ስም በትርጉሙ ርእስ ላይ አውጥቶታል። ለራስተፈሪያን ትርጉሙ ውድ ሀብት ሆነ። ጥቁር ንግሥት፣ በስሟ የምትጠራ፣ ከሰሎሞን ጋር በጥበብ የተነጋገረች፤ ለሴት ልጁ ቬነስ የሚል ስም በመዝገብ የወረሰ ሕዝብ ከዚህ የበለጠ ምን ይመኛል?

ይሁንና ስሙን ለልጅ ማውጣት ዋጋ የሚያስከፍልበት ዘመን ነበር። ራስተፈሪያን ከሥራ ይባረሩ፣ ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ይመለሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 በስቅለት ሰሞን ኮራል ጋርደንስ በሚባል ስፍራ ከተነሣ ግጭት በኋላ የጸጥታ ኃይሎች በየቦታው እያደኑ አሰሯቸው፤ ፀጉራቸውን ላጩ፤ የሞቱም አሉ። የጃማይካ መንግሥት በጠቅላይ ሚኒስትር አንድሩ ሆልነስ በኩል በይፋ ይቅርታ የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው።

ሚዛኑ መለወጥ የጀመረው ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኪንግስተን ሲደርሱ አውሮፕላን ማረፊያው በሕዝብ ማዕበል ተጥለቀለቀ፤ የክብር ዘቡ ሥርዓት ፈረሰ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ከአውሮፕላኑ ለመውረድ የራስተፈሪያኑ ሽማግሌ ሞርቲመር ፕላኖ ሕዝቡን እስኪያረጋጋ መጠበቅ ግድ ሆነባቸው። በአቀባበል ግብዣዎቹ ላይ፣ ትናንት በፖሊስ ይታደኑ የነበሩ ሰዎች ከሚኒስትሮች ጋር አብረው ቆሙ። ከዚያ ቀን በኋላ በጃማይካ ልጁን ተፈሪ የሚል አባት ቢያንስ የስሙ ባለቤት በአገሩ መሪዎች በክብር የተስተናገደ መሆኑን ያውቃል።

ከአራት ዓመት በኋላ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ኪንግስተን ደረሰች። የተላኩት አባት ላእከ ማርያም ማንደፍሮ ይባሉ ነበር፤ በኋላ ጵጵስና ሲሾሙ እንደ ሥርዓቱ አዲስ ስም ተቀብለው አቡነ ይስሐቅ ተባሉ። እሳቸው ያገኙት ሕዝብ ለቤተ ክርስቲያኗ ፍቅር ነበረው፣ ግን ከባድ ጥያቄም ይዞ ነበር፤ ብዙዎች በንጉሡ ስም እንዲጠመቁ ፈለጉ። አቡነ ይስሐቅ ጥምቀት በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ብቻ ነው ብለው ጸኑ። ይህን ያልተቀበሉ ተመለሱ፤ የተቀበሉትም በብዙ ተጠመቁ።

በእነዚያ ጥምቀቶች ላይ አንድ የቆየ የአገር ቤት ልማድ ባሕር ተሻገረ። በኢትዮጵያ ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ካህኑ ወልደ፣ ገብረ፣ ኃይለ፣ ወለተ እያለ ከቅዱሳን ስም ጋር ያገናኛል። ኪንግስተን ውስጥ ሥርዓቱ በሕፃናት ብቻ ሳይሆን በትልልቅ ሰዎች ላይ ይፈጸም ነበር። ባርነት ለቅድመ አያቶቹ የሰጠውን ስም ተሸክሞ የመጣ ጎልማሳ ከውሃው ሲወጣ ሌላ ሰው ነው። የኪንግስተን ምእመናን የክርስትና ስማቸውን በአደባባይ መጠሪያ ማድረግ ሲጀምሩ፣ ልጆቻቸውንም በዚያው መንገድ ሲሰይሙ፣ የአገር ቤት ሰው በቤተ ክርስቲያን የሚያኖረውን ስም እነሱ ገበያ አወጡት።

ስሞቹ በጉዞ ላይ መልክ መለወጣቸው አልቀረም። ኢትዮጵያ ውስጥ «ሥላሴ» ብቻውን የሰው ስም አይሆንም፤ ኃይለ፣ ገብረ፣ ወልደ የሚል ቃል ይቀድመዋል። በካሪቢያንና በአሜሪካ ግን ብቻውን እንደ ሁለተኛ ስም ይገባል። «ራስ» እና «ንጉሥ» እዚያ የልጅ ስም ሆነዋል፤ ይህ ግን ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም፣ እኛም ልጆቻችንን ልዑል፣ ንጉሤ፣ ንግሥት እንላለንና። አንድ ጥንቃቄም ያስፈልጋል፦ ጋና ውስጥ የኤዌ ሕዝብ ሰላሲ የሚል የራሱ ስም አለው፤ እግዚአብሔር ሰማ ማለት ነው፤ ከሥላሴ ጋር የሚያገናኘው ድምፁ ብቻ ነው።

በአሜሪካም ጥቁር ወላጆች ተመሳሳይ መንገድ ተከትለዋል። ማልኮም ኤክስ የቤተሰብ ስሙን ትቶ ኤክስን የያዘው የባሪያ ጌታ ስም አልሸከምም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ለተወለደችው ልጁ ጋሚላ ሉሙምባ ብሎ ስም ሲያወጣ የተገደለውን የኮንጎ ጠቅላይ ሚኒስትር ፓትሪስ ሉሙምባን ማስታወሱ ነበር። የአሌክስ ሄሊ «ሩትስ» እ.ኤ.አ. በ1977 በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ደግሞ የታሪኩ ባለቤት የኩንታ ኪንቴ ልጅ ስም ኪዚ በአንድ ጊዜ የብዙ አዲስ የተወለዱ ሴት ልጆች ስም ሆነ። የአባቶቹን ስም ማንም ያልመዘገበለት ሕዝብ ልጁን ለመሰየም ታሪክ መምረጥ ነበረበት።

ኢትዮጵያውያንስ? ስም በመዋስ ከማንም አናንስም። ቴዎድሮስና እስክንድር ከግሪክ፣ ዮሐንስና ዳዊት ከዕብራውያን የመጡ ናቸው፤ ዛሬ ማንም የውጭ ስም አይላቸውም። በኦሮሞ ባህል ውስጥ ሥር የሰደደው የፈረስ ስም በመላው የኢትዮጵያ መኳንንት ዘንድ ተወዶ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ኃይለ ሥላሴም አባ ጠቅል ተብለዋል። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን አይዳ ነው። ጣሊያናዊው ቬርዲ ያቀናበረው አይዳ የተባለ ኦፔራ እ.ኤ.አ. በ1871 ካይሮ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ፤ በታሪኩ ውስጥ አይዳ በግብፅ የተማረከች የኢትዮጵያ ልዕልት ናት። ስሟ በኢትዮጵያ ነገሥታት የትውልድ ሐረግ ውስጥ አልነበረም፤ አውሮፓውያን ለመድረክ የፈጠሩት ነው። የኢትዮጵያ ልዕልት ተብላ ስለተሣለች ግን ስሙን ራሳችን ወሰድነው። በ1919 ዓ.ም. ለራስ ደስታ ዳምጠውና ለልዕልት ተናኘወርቅ የተወለደችው ልጅ አይዳ ተባለች፤ የራስ ተፈሪ የልጅ ልጅ ናት። ከቤተ መንግሥት ወደ ከተማው ወርዶም በአዲስ አበባ አይዳ የሚባሉ ሴቶች በየሠፈሩ አሉ።

ከእነዚህ ታሪኮች ሁሉ ፍርዱ ግልጽ ነው። ከሌላ ሕዝብ ስም መውሰድ በራሱ ነውር የለበትም፤ ነውር የሆነው ስምን በግድ መጫንና የራስን ስም መሳለቂያ ማድረግ ነው። የጃማይካ እናት ልጇን ማክዳ ስትል ያደረገችው የእርሻ መዝገቡ ካደረገው ፍጹም ተቃራኒ ነው፦ ማክዳ ማን እንደሆነች ታውቃለች፣ ለምን እንደመረጠች መናገር ትችላለች፣ ዋጋውንም ከፍላለች። በአንጻሩ ስሙን ወስዶ ታሪኩን ለማወቅ የማይደክም ወላጅ፣ የትም አገር ይሁን፣ ለልጁ ግማሹን ብቻ ሰጥቶታል።

ይህ ለኢትዮጵያ የሩቅ ወሬ አይደለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ላገዙ የውጭ ጥቁር ሕዝቦች እ.ኤ.አ. በ1948 ሻሸመኔ አጠገብ አምስት ጋሻ መሬት ሰጥተዋል። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ከጃማይካና ከሌሎች ደሴቶች የመጡ ራስተፈሪያን ሰፈሩበት፤ ደርግ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን ሲወርስ አብዛኛውን አጡ፤ ብዙዎቹ ግን አልሄዱም። እዚያ የተወለዱ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው አማርኛ ይናገራሉ፤ የኢትዮጵያ መንግሥት መታወቂያ እንዲሰጣቸው የወሰነው በ2009 ዓ.ም. ነው። ከስሙ እስከ መታወቂያው ያለው መንገድ ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጅቷል።

ዋሽንግተን፣ ቶሮንቶ ወይም ለንደን የምትኖሩ አንባቢዎች ተፈሪ፣ ማክዳ ወይም ምኒልክ የሚባል ጃማይካዊ ወይም ጥቁር አሜሪካዊ በሥራ ቦታ፣ በትምህርት ቤት፣ በጎረቤት ታገኙ ይሆናል። ስሙን ከየት አመጣኸው ብሎ መሳቅ ቀላል ነው፤ እባካችሁ እሱን ተዉት። ስሙን እኛ በምንጠራው ድምፅ ጥሩለት፣ በፊደላችን ጽፋችሁ ስጡት፣ የእናንተ አያቶች ስለዚያ ስም የነገሯችሁን ንገሩት። በየከተማው ያሉ አብያተ ክርስቲያናትና የማኅበረሰብ ማኅበራት ለልጆቻችን ቅዳሜና እሑድ የሚሰጡት የአማርኛ ትምህርት ለእነዚህ ልጆችም በሩን ይክፈት። ስማችንን በክብር ለወሰዱት ሰዎች ቋንቋችንንም መስጠት የእኛ ድርሻ ነው።